የሴሚኮንዳክተርን ገጽ በብርሃን ከማስለካትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የሲሊከን ወይም የጋሊየም አርሰናይድ ዋፈር ይዘዋል እንበል። ገጹ ንጹሕ መሆኑን፣ ኦክሳይዱ ምን ያህል እንደወፈረ፣ ፖሊሹ ክሪስታሉን ጎድቶት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። አንዱ ራማን ይሻላል ይልዎታል፤ ሌላው ኤሊፕሶሜትር፤ ሦስተኛው ፎቶሉሚኒሰንስ። ሦስቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሦስቱም ከጥያቄዎ ጋር ላይገናኙም ይችላሉ።

የብርሃን ልኬት የሚወደደው በምክንያት ነው። ናሙናውን አይቆርጥም፤ በአብዛኛው ቫኪዩም አይጠይቅም፤ ክሪስታሉ በጋዝ ወይም በፈሳሽ ውስጥ እያለም ይሠራል። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው። ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ ገጹን ከውስጡ በራሱ አይለይም፤ የሚለይበትን ዘዴ ማዘጋጀት የለኪው ድርሻ ነው። የሚከተሉትን ነጥቦች ናሙናዎን ወደ ላቦራቶሪ ከመላክዎ ወይም የመመረቂያ ጥናትዎን በአንድ ዘዴ ላይ ከመመሥረትዎ በፊት ይመልከቷቸው።

1. መለካት የፈለጉት የትኛውን ንብርብር ነው?

ገጽ ሲባል አንዱ የመጨረሻዋን የአቶም ረድፍ ያስባል፤ ሌላው 1 ወይም 2 ናኖሜትር የሚሆነውን ኦክሳይድ፤ ሌላው ደግሞ መጋዝና ፖሊሽ ያበላሹትን፣ እስከ ማይክሮሜትሮች የሚወርደውን ንብርብር። እነዚህ ሦስቱ የተለያየ ዘዴ ይፈልጋሉ። የኦክሳይድ ውፍረት ከሆነ ኤሊፕሶሜትሪ ቀዳሚ ነው። በፖሊሽ የተጎዳ ወይም የተወጠረ ክሪስታል ከሆነ ራማን፣ ማለትም የክሪስታሉ ንዝረት በሚመለሰው ብርሃን ላይ የሚያመጣውን የቀለም ለውጥ የሚለካው ዘዴ፣ ይመረጣል። ገጹ ላይ የተጣበቁ ሃይድሮጅንና ሌሎች አቶሞች ከሆኑ ኢንፍራሬድ ይሻላል። ገጹ ኤሌክትሮኖችን ምን ያህል እንደሚያባክን ለማወቅ ፎቶሉሚኒሰንስ፣ ማለትም ናሙናው በሌዘር ሲመታ ራሱ የሚያወጣውን ብርሃን የሚለካው ዘዴ፣ አለ። የአቶሞቹ አሰላለፍ ከሆነ ደግሞ የነጸብራቅን የአቅጣጫ ልዩነት የሚለካው ዘዴ ይጠራል፤ በምህጻረ ቃሉ አር ኤ ኤስ ይባላል።

ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። «ገጹን ማጥናት እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይደለም። «ከፖሊሽ በኋላ የተጎዳው ንብርብር ከግማሽ ማይክሮሜትር ይበልጣል ወይ?» ግን ጥያቄ ነው፤ መሣሪያውንም፣ የሌዘሩን ቀለምም ይወስንልዎታል።

2. ብርሃኑ ምን ያህል ጠልቆ ይገባል?

ብዙ ልኬት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲሊከን ውስጥ 633 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ሌዘር ኃይሉ ወደ ሲሶ ገደማ እስኪወርድ ድረስ 3 ማይክሮሜትር ያህል ይገባል። አረንጓዴው፣ የ532 ናኖሜትሩ፣ ከ1 ማይክሮሜትር ትንሽ አልፎ ይሄዳል። የ405 ናኖሜትሩ ሐምራዊ 0.1 ማይክሮሜትር አካባቢ ይቀራል። የ325 ናኖሜትሩ አልትራቫዮሌት 10 ናኖሜትር ገደማ ብቻ ይደርሳል።

በሲሊከን (100) ገጽ ላይ ሁለት የአቶም ረድፎች የሚራራቁት 0.136 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ በቀይ ሌዘር ሲለኩ ከ20 ሺህ በላይ የሆኑ ረድፎች ድምር ይመለስልዎታል። ከዚህ ውስጥ ስለ መጨረሻዋ ረድፍ መናገር፣ በእንጀራ የተሞላ ሞሶብ መዝኖ የላይኛዋን እንጀራ ክብደት እንደማወጅ ነው። በአልትራቫዮሌቱም ቢሆን 70 ያህል ረድፎች አብረው ይመጣሉ።

በራማን ብርሃኑ ገብቶ ተመልሶ መውጣት ስላለበት ውጤታማው ጥልቀት ከላይ የተጠቀሰው ግማሽ ያህል ነው። ይህን ወደ ጥቅም መቀየር ይቻላል፤ አንዱን ናሙና በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ሌዘር ማስለካት የላይኛውን ከታችኛው ያነጻጽርልዎታል። የሚሄዱበት ላቦራቶሪ አንድ ሌዘር ብቻ ካለው ግን ይህን ዕቅድ ከጅምሩ ይተዉት።

3. ገጹን ከውስጡ የሚለየው ምንድን ነው?

ብርሃን ጠልቆ እየገባም ስለ ገጹ ብቻ የሚናገርባቸው መንገዶች አሉ፤ አንዱ ውስጡ ብርሃን በማይመጥበት ኃይል መለካት፣ ሌላው በሲሜትሪ መጠቀም። ጣሊያናዊው ጃንፍራንኮ ኪያሮቲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሊከንና ጀርማኒየምን በከፍተኛ ቫኪዩም ውስጥ ሰንጥቀው፣ በአዲሱ (111) ገጽ ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች ብርሃን ሲመጡ አሳዩ። በሲሊከን ላይ የታየው መምጠጥ 0.45 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው። የሲሊከን የኃይል ክፍተት 1.12 ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ውስጡ በዚያ ኃይል ብርሃን ሊመጥ አይችልም፤ ኦክሲጅን ሲገባም ምልክቱ ይጠፋል። ስለዚህ የገጹ ነው ማለት ነው።

በ1984 ደግሞ በፖላራይዝድ ብርሃን ሲለካ መምጠጡ በአንድ አቅጣጫ በርትቶ በሌላው ደከመ። ይህም ኬ. ሲ. ፓንዴ በ1981 ያቀረበውን፣ የገጹ አቶሞች በሰንሰለት ይደረደራሉ የሚለውን ሞዴል ደገፈ። ብርሃን የአቶሞችን አሰላለፍ በተመለከተ ክርክር የፈታው በዚህ መንገድ ነው።

በ1985 ዴቪድ አስፕንስና ስተድና ያስተዋወቁት አር ኤ ኤስም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል። እንደ ጋሊየም አርሰናይድ ያለ ኩቢክ ክሪስታል ውስጡ በየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ነጸብራቅ ይሰጣል። ብርሃኑን ቀጥ ብሎ ከላይ አሳርፈው በሁለት ቀጤ ነክ አቅጣጫዎች የሚመለሰውን ሲቀናንሱ ውስጡ ይጣፋል፤ የሚተርፈው በዋናነት የገጹ ነው። የሚተርፈው ግን ከሺህ አንድ እስከ ከመቶ አንድ ያህል ስለሆነ የተረጋጋ መብራትና ጥሩ ሞዱሌተር ይጠይቃል። ትልቁ ጥቅሙ ክሪስታል በጋዝ ውስጥ በሚያድግበት ክፍል በመስኮት በኩል መሥራቱ ነው፤ ኤሌክትሮን የሚጠቀሙ ዘዴዎች ግን በዚያ ግፊት አይሠሩም።

አንድ ጥንቃቄ፦ በዶፒንግ ምክንያት ከገጹ በታች የሚፈጠር የኤሌክትሪክ መስክም የአቅጣጫ ልዩነት ያመጣል። በጋሊየም አርሰናይድ 2.9 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ የሚያዩት ቅርጽ የዶፒንጉ ሊሆን ይችላልና ዶፒንጉን ሳያውቁ አይተርጉሙት።

ሁለተኛ ሃርሞኒክ የሚባለው፣ የገባውን ብርሃን ድግግሞሽ እጥፍ አድርጎ የሚያወጣው ዘዴም ሲሜትሪን ይጠቀማል። ሲሊከን ውስጡ በመሃል ነጥብ ዙሪያ ተመሳሳይ ስለሆነ ዋናው ምልክት ከገጹ ይመጣል። ጋሊየም አርሰናይድ ይህ ሲሜትሪ ስለሌለው ውስጡ ገጹን ይውጠዋል። ያው መሣሪያ ለአንዱ ክሪስታል ሁነኛ፣ ለሌላው እጅግ አስቸጋሪ ነው።

4. የክሪስታሉ አቅጣጫ የትኛው ነው?

ዋፈሩ (100) ይሁን (110) ወይም (111) ሳያውቁ ልኬት አይጀምሩ። ጋሊየም አርሰናይድ በራማን ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ 268፣ ሌላው 292 ላይ። ቁጥሮቹ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚያርፉ ሞገዶች ብዛት ናቸው። ብርሃኑ በመጣበት አቅጣጫ ሲመለስ ከ(100) ገጽ የሚፈቀደው የ292ቱ ብቻ ነው፤ ከ(110) ደግሞ የ268ቱ ብቻ፤ ከ(111) ሁለቱም ይታያሉ። ስለዚህ (100) ዋፈር ላይ 268 ብቅ ካለ ክሪስታሉ ተጎድቷል፣ ወይም ዘንበል ብሏል፣ ወይም የለኩት ጠርዙን ነው። አቅጣጫውን የማያውቅ ሰው ይህን ማስጠንቀቂያ እንደ ተራ መስመር ያልፈዋል።

አር ኤ ኤስም ምርጫ አለው። ሦስት እጥፍ ሲሜትሪ ባለው (111) ገጽ ላይ ምልክቱ ዜሮ ይሆናል። በሲሊከን (100) ላይ ደግሞ በአንድ አቶም ቁመት የሚለያዩ ደረጃዎች ካሉ በጎረቤት ደረጃዎች ላይ ያሉት አቶሞች በ90 ዲግሪ ዞረው ይሰለፋሉ፤ የሁለቱ ምልክት ይጣፋል። ባዶ ስፔክትረም አይተው «ገጹ ሥርዓት የለውም» ከማለትዎ በፊት ዋፈሩ ስንት ዲግሪ ዘንበል ብሎ እንደተቆረጠ ይጠይቁ።

5. ገጹ በሚለካበት ሰዓት ምን ላይ ነው?

አየር ላይ ያለ ሲሊከን የራሱን ኦክሳይድ ይለብሳል። በቫኪዩም ውስጥም ቢሆን ጊዜ ይወስናል፤ ግፊቱ ከሚሊዮን አንድ ቶር ከሆነና የሚያርፈው ሞለኪውል ሁሉ ከተጣበቀ ገጹ በ1 ሰከንድ ይሸፈናል። ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ለማግኘት ግፊቱ ከዚያ በ10 ሺህ እጥፍ መውረድ አለበት።

ዝግጅት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ አንድ ምሳሌ እነሆ። ሲሊከን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ሲታጠብ ኦክሳይዱ ይለቅና ገጹ በሃይድሮጅን ይሸፈናል። ኢንፍራሬድ ስፔክትረሙ (በዚያው በሴንቲሜትር የሞገድ ብዛት መለኪያ) ከ2080 እስከ 2140 ባለው ክልል ውስጥ በርከት ያሉ ሰፋፊ ቅርጾች ያሳያል፤ አንዱ የሲሊከን አቶም አንድ፣ ሌላው ሁለት፣ ሌላው ሦስት ሃይድሮጅን ስለያዘ ነው። በ1990 ሂጋሺ፣ ሻባልና ባልደረቦቻቸው ግን የ(111)ን ገጽ አልካላይን በሆነ የፍሎራይድ ፈሳሽ ሲያጥቡት ያ ሁሉ ጠፍቶ 2083.7 ላይ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ቀረች። መስመሯ የምትታየው የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ገጹ ቀጤ ነክ የሆነ ድርሻ ሲኖረው ብቻ ነበር። ይህ ማለት እያንዳንዱ የላይኛው አቶም አንድ ሃይድሮጅን ይዟል፤ ሃይድሮጅኑም ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልዩነቱን ያመጣው የመታጠቢያው ፈሳሽ ነው።

ስለዚህ ናሙናው መቼና በምን እንደታጠበ፣ ከታጠበ በኋላ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደቆየ ይመዝግቡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና ለዝግጅቱ ጊዜ ይስጡ። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ናሙና የሚልኩ ከሆነ ደግሞ እዚህ ያጸዱት ገጽ እዚያ እንደማይደርስ ይወቁ፤ የመጨረሻው እጥበት መለኪያው ባለበት ቦታ እንዲሆን ይስማሙ።

የደኅንነት ነገር፦ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ብርጭቆ ስለሚበላ በፕላስቲክ ዕቃ ብቻ ይያዛል። ቆዳ ሲነካ ሕመሙ ዘግይቶ ሊሰማ ይችላል፤ ወደ ውስጥ ዘልቆም ለሕይወት ያሰጋል። የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገብ ከሌለና የሠለጠነ ሰው አብሮዎ ካልሆነ አይንኩት። በአልትራቫዮሌት ሌዘር ሲሠሩም ጨረሩ ለዓይን ስለማይታይ ለዚያው የሞገድ ርዝመት የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል።

6. ሌዘሩ ራሱ ናሙናውን እየለወጠው ይሆን?

ንጹሕ ሲሊከን በራማን 520.7 አካባቢ አንድ ጠንካራ መስመር አለው። ክሪስታሉ ሲለጠጥ መስመሩ ወደ ታች፣ ሲጨመቅ ወደ ላይ ይሄዳል። በዋፈሩ ገጽ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ለተወጠረ ሲሊከን የ1 ቁጥር ፈቀቅታ 250 ሜጋፓስካል ያህል ማለት ነው።

አሁን ሙቀትን ይጨምሩበት። ሲሊከን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ መስመሩ 0.02 ያህል ይወርዳል። በማይክሮስኮፕ የተሰበሰበ ሌዘር ነጥቡን በ50 ዲግሪ ካሞቀው መስመሩ በ1 ቁጥር ይወርዳል፤ እርስዎም የሌለ የ250 ሜጋፓስካል ውጥረት ይጽፋሉ። ሙቀት በቀላሉ በማያልፍባቸው ስስ ንብርብሮች፣ ቀጫጭን ሽቦዎችና ዱቄቶች ላይ ይህ የዘወትር አደጋ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሌዘሩን ኃይል በግማሽ ቀንሰው እዚያው ነጥብ ላይ እንደገና ይለኩ። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ ሙቀት አለ፤ እስኪቆም ድረስ ይቀንሱ። ይህን ያላደረገ የውጥረት ዘገባ አይቀበሉ። በተጨማሪም 480 አካባቢ ሰፊ ጉብታ ካዩ ክሪስታልነቱን ያጣ ሲሊከን አለ ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ከፖሊሽ ጉዳት አንዱ ምልክት ነው።

7. ፎቶሉሚኒሰንሱ ሲደምቅ ገጹ ተሻሻለ ማለት ነው?

አንዳንዴ አዎ። ያልታከመ የጋሊየም አርሰናይድ ገጽ ኤሌክትሮኖችን በፍጥነት ያባክናል፤ የገጽ ብክነት ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሚሊዮን ሴንቲሜትር ገደማ ይገመታል። በ1987 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ገጹን በሶዲየም ሰልፋይድ አክመው ብክነቱ እንደሚቀንስ አሳዩ፤ እንዲህ ሲታከም 870 ናኖሜትር አካባቢ የሚወጣው ብርሃንም ይደምቃል። ይሁን እንጂ ሕክምናው አየር ላይ ስለማይዘልቅ ልኬቱ ወዲያው መሆን አለበት።

ነገር ግን ድምቀት በዶፒንግ፣ በሌዘር ኃይል፣ በትኩረት ማስተካከያና በውስጥ ጉድለትም ይለወጣል። ከአንድ ዋፈር የተቆረጡ ሁለት ቁራጮች ወስደው አንዱን ያክሙ፣ ሌላውን ይተዉ፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ማስተካከያ ይለኩ። ሲሊከን ደግሞ ቀጥተኛ ያልሆነ የኃይል ክፍተት ስላለው የሚሰጠው ብርሃን ደካማ ነው፤ ለጋሊየም አርሰናይድ የሚሆነው መሣሪያ ለእሱ ላይበቃው ይችላል።

8. የኤሊፕሶሜትሩ ቁጥር ልኬት ነው ወይስ ሞዴል?

ኤሊፕሶሜትር ውፍረት አይለካም። የሚለካው ፕሳይና ዴልታ የሚባሉ ሁለት ማዕዘኖችን ነው፤ ውፍረቱን የሚያወጣው ሞዴል ነው። ስሜታዊነቱ አስደናቂ ነው። በ633 ናኖሜትርና በ70 ዲግሪ ሲለካ ሲሊከን ላይ ያለ የ1 ናኖሜትር ኦክሳይድ ዴልታን በ3 ዲግሪ ገደማ ይለውጠዋል፤ ጥሩ መሣሪያ ደግሞ የዲግሪን መቶኛ ክፍሎች ይለያል።

ይሁን እንጂ ከ10 ናኖሜትር በታች በሆነ ንብርብር ውፍረቱንና የብርሃን ስብራት መጠኑን በአንድ ጊዜ ማግኘት አስተማማኝ አይደለም፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ቀንሶ ያው ውጤት ይወጣል። ሻካራነትም፣ ቅባትም፣ እርጥበትም በሞዴሉ ውስጥ ካልገቡ «ኦክሳይድ» ሆነው ይቆጠራሉ። ስለዚህ የውፍረቱን ቁጥር ብቻ አይቀበሉ፤ የተለኩትን ማዕዘኖችና የተጠቀሙበትን ሞዴል አብረው ይጠይቁ። አስፕንስና ስተድና በ1983 ከ1.5 እስከ 6 ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ያሳተሟቸው የሲሊከን፣ የጀርማኒየምና የስድስት ሌሎች ሴሚኮንዳክተሮች መረጃዎች ጥሩ ማነጻጸሪያ ናቸው።

9. ብርሃን የማይመልሰው ጥያቄ አለዎ?

ገጹ ላይ ምን ዓይነት ንጥረ ነገር በምን ያህል መጠን እንዳለ ለማወቅ የኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ ይቀላል፤ እስከ 10 ናኖሜትር ያለውን ያያል፤ ቫኪዩም ግን ይጠይቃል። ሻካራነትን የአቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ በቀጥታ ይለካል። የራማን ማይክሮስኮፕ ነጥቡ በአብዛኛው ከግማሽ እስከ 1 ማይክሮሜትር ስለሚሆን ከዚያ ያነሱ ነገሮች ተቀላቅለው ይታያሉ። ገንዘብዎ ለአንድ ልኬት ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጥያቄዎን በቀጥታ የሚመልሰውን ይምረጡ፤ ያ ከብርሃን ውጭ ቢሆንም።

10. ከመወሰንዎ በፊት የመጨረሻ ማጣሪያ

እነዚህን ስድስት ጥያቄዎች ይመልሱ፦

- የምጠይቀው ስለ የትኛው ንብርብር ነው? በስንት ናኖሜትር ውስጥስ ነው?
- የመረጥኩት የሞገድ ርዝመት በዚህ ክሪስታል ውስጥ ምን ያህል ይገባል?
- ገጹን ከውስጡ የሚለይልኝ ምንድን ነው፦ ጥልቀት፣ ሲሜትሪ ወይስ ካልታከመ ናሙና ጋር ማነጻጸር?
- የዋፈሩን አቅጣጫ፣ የዘንበልታውን ማዕዘንና ዶፒንጉን አውቃለሁ?
- ናሙናው ከታጠበ በኋላ እስኪለካ ስንት ሰዓት ያልፋል?
- ማመሳከሪያ ናሙና አለኝ? ሌዘሩ እንዳላሞቀውስ አረጋግጣለሁ?

ላቦራቶሪው ጥሬ መረጃውን፣ የሌዘሩን ኃይልና የሞገድ ርዝመት፣ በዚያው ቀን የተለካ የንጹሕ ሲሊከን ስፔክትረምንም እንዲሰጥዎ አስቀድመው ይጠይቁ። የክፍሉ ፍሎረሰንት መብራት 546.1 እና 435.8 ናኖሜትር ላይ የሜርኩሪ መስመሮች ስለሚጨምር ጠፍቶ ይለካ።

ለስድስቱም ግልጽ መልስ ካለዎ የብርሃን ልኬት ርካሽ፣ ፈጣንና አስተማማኝ ነው፤ ይግፉበት። ሦስተኛው ጥያቄ ብቻ እንኳ መልስ ካጣ የሚያገኙት ስፔክትረም የክሪስታሉ እንጂ የገጹ አይደለምና ልኬቱን ያዘግዩት።